የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ተሠርቶ ሰዉ ለምን እዚህ ይመጣል? (ገላን ላይ ሁለት ክፍል ልጨምር አስቤ ነው)

የገላኗ አከራይ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

የምኖረው ገላን ነው፤ ከአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ትቶልን የሄደው ይህን ግቢና አምስት ሰርቪስ ክፍል ነው። ልጄንም የማስተምረው ራሴም የምበላው ከኪራዩ ነው። ክፍሎቹ ሦስት በአራት ናቸው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቆጣሪው የጋራ። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ትመጣለች፤ እሷም ነቅቶ ለጠበቃት ነው።

ሟቹ የጫነውንና ያራገፈውን በደብተር ይይዝ ነበርና ልማዱ ወደ እኔ ተጋባ። ከ2010 ጀምሮ የገባ የወጣ ተከራይ ሁሉ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ አለ። ስሙ፣ አገሩ፣ የሚሠራበት፣ የሰጠኝ ቀብድ፣ መሸኛ ያለው የሌለው።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልጅ መጣች። እጇ ላይ አንድ ፌስታል፣ ባጃጁ ላይ በገመድ የታሰረ ስፖንጅ ፍራሽ። «አገርሽ የት ነው?» አልኳት። «ሐይቅ»። «ታዲያ ኮምቦልቻ እኮ አፍንጫሽ ሥር ነው! ፓርክ ተሠርቶላችሁ የለም እንዴ?» አልኳት። «ተሠርቷል እትዬ፤ ግን ጓደኛዬ ያለችው እዚህ ነው» አለችና ሳቀች። ቀብዷን ተቀብዬ ቁልፉን ሰጠኋት፤ ሳቋ ግን አልወጣልኝም።

ማታ ደብተሩን ገልጬ ቆጠርኩ። እሷን ሳይጨምር 31 ሰው ነው። 8 ከወላይታና ከሐዲያ፣ 7 ከወሎ፣ 4 ከጎጃም፣ 3 ከአርሲ፣ 2 ከጅማ፣ 1 ከጋሞ። የቀሩት 6 ከአዲስ አበባ ከራሷ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው የወጡት። ከአፋርና ከሶማሌ አንድም የለም።

ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። የኢኮኖሚክስ ማስታወሻው ላይ «የተመጣጠነ የክልሎች ልማት» የሚል አለ፤ ልማቱ በአንድ ከተማ እንዳይከማች መንግሥት በዕቅድ ወደየአካባቢው ያደርሰዋል ይላል። ደስ ይላል። ሐዋሳም፣ ኮምቦልቻም፣ ጅማም፣ ደብረ ብርሃንም ፓርክ እንዳለ እሰማለሁ። ታዲያ የጅማው ልጅ እኔ ሰርቪስ ውስጥ ምን ይሠራል?

እውነቱን ልናገርና፣ የምጠይቀው ለራሴ ነው። ጥር ላይ ዕቁብ ይደርሰኛል። ሁለት ክፍል ልጨምር አስቤያለሁ፤ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ የእጅ ዋጋ ሁሉ ተጠይቋል። ዕቅዱ ከተሳካ ተከራይ አላገኝም፤ ካልተሳካ ደግሞ ክፍል ያንሰኛል። ይህን ለልጄ ስነግረው ራሴ ደነገጥኩ። የአገር ዕቅድ እንዲከሽፍ የምመኝ ሴትዮ ሆንኩ እንዴ? የተማራችሁ ንገሩኝ።

—

ጡረተኛው፦

እህቴ፣ ዕድሜዬን በፕላን ሥራ ነው የጨረስኩት፤ በደርግ ጊዜ ገብቼ በኢሕአዴግ ጊዜ ወጣሁ። ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ስንት ሜጋ ዋት፣ ስንት ጤና ጣቢያ የሚል ሰንጠረዥ ሞልተናል። «ማን ከየት ተነሥቶ የት ገባ» የሚል ዓምድ ግን አልነበረንም። እርስዎ ያለ ደሞዝ ይዘውታል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት። በንጉሡ ዘመን ሦስት የአምስት ዓመት ዕቅዶች ወጥተዋል፤ የመጀመሪያው በ1950 ግድም ነው። ፋብሪካው በአብዛኛው የተከማቸው ግን አዲስ አበባና አስመራ፣ ከዚያም በባቡሩ ሐዲድ ዳር ነበር። ራቅ ወዳለ ቦታ ወጣ ሲባል ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባል የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በ1960 ተጀመረ። ማዳበሪያው ገባ፣ ምርጥ ዘሩ ገባ፣ ምርቱም አደገ። ማደጉን ያየ ባለ መሬት ትራክተር ገዛና ጭሰኛውን አስነሣው። በሪፖርቱ ላይ በሄክታር የተገኘው ኩንታል አድጓል፤ ጭሰኛው ግን አሰላ ገብቶ ቀን ሠራተኛ ሆኗል። እኔ ሥራ ስጀምር አለቆቻችን ይህን እንደ ተረት ይነግሩን ነበር።

የደርግ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ከ1977 እስከ 1986 ነበር የታሰበው። በዚያ የረኃብ ዓመት ተጀምሮ መንግሥቱ በ1983 ሲወድቅ አብሮ ቀረ። ከዚያ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽኑ ሁለት ዕቅዶች መጡ፤ አንዱ ከ2003 እስከ 2007፣ ሌላው እስከ 2012። አሁን ያለንበት ደግሞ ከ2013 እስከ 2022 የሚሄደው የአሥር ዓመት ዕቅድ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 89 ላይ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩት መንግሥት ልዩ ድጋፍ ያደርጋል ይላል። ስለዚህ «አልታሰበበትም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይስሙት፤ እንዲያውም በጣም ታስቦበታል።

አሁን ወደ እርስዎ ግቢ ልምጣ። በ2005 የወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነበር፤ ቁጥር 270። ከአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከነበረው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ውጭ ፋብሪካ ለሚተክል ባለሀብት የግብር እፎይታው ይረዝምለት ነበር። ጋምቤላ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ ሶማሌ፣ ወይም ከአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ አፋር ውስጥ ከተከለ ደግሞ እፎይታው ካለቀ በኋላም ለሦስት ዓመት የ30 በመቶ ቅናሽ ነበረው። ልብ ይበሉ፦ ገላን «ከዚህ ራቅ በሉ» ከተባለው ክበብ ውስጥ ነበረች። ሕጉ ባለሀብቱን ከእናንተ ሰፈር ለማራቅ ገንዘብ ሲከፍል ነበር ማለት ነው።

ራቀ? ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሰርቪስ ባስ ይቁጠሩ። ፈጣን መንገዱ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ፣ የጭነት ባቡሩ ጣቢያ እንዶዴ፣ ደረቅ ወደቡ ሞጆ። የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የካርጎ አውሮፕላን፣ ፈቃድ የሚፈርም ባለሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ። በአንድ እጃችን «ወደ ክልል ሂዱ» የሚል ማበረታቻ ሰጠን፤ በሌላው እጃችን ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድና ሐዲድ ሁሉ በእርስዎ ደጅ አሳለፍን። ባለሀብቱ ቢያሰላ ቢያሰላ የትራንስፖርቱ ወጪ ይበልጥበታል። መንገዱ አይሠራ አልልም፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ሁለቱን ወረቀት ግን ሁለት የተለያየ ቢሮ ነበር የያዛቸው።

የተሳካ ነገር አልጠፋም። ዩኒቨርሲቲውን እዩት፤ በጣት ከሚቆጠሩት ተነሥተን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በየክልሉ ደርሷል። ሕንፃው በእርግጥ ተሰራጭቷል። ተመራቂው ግን ሽኝቱ ባለቀ በሳምንቱ አዲስ አበባ ነው።

ደብተርዎ ላይ ያስደነገጡኝ የጅማው ልጆች አይደሉም። ስድስቱ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ከክልል የሚመጣው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ መሐል ከተማው ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱም የሚገናኙት እርስዎ ሰርቪስ ውስጥ ነው። የክልሉ ዕቅድ «ሄደዋል» ብሎ ይተዋቸዋል፤ የከተማው ዕቅድ «ከእኔ ወሰን ውጭ ናቸው» ይላል። ቆጠራ ደግሞ ከ1999 ወዲህ የለንም፤ ለ2010 ታስቦ የነበረው ተራዝሞ ተራዝሞ ቀረ። የበጀት ድጎማው የሚሰላው በትንበያ ነው። መሸኛ ያልያዘው ተከራይዎ በወረቀት ላይ ዛሬም ወላይታ ነው የሚኖረው፤ የሚጠጣው ውሃ ግን የገላን ነው።

ክፍሉን ይሥሩ አይሥሩ ብሎ መምከር አልችልም። ያቀድኩት ሁሉ እንዴት እንደሆነ ነግሬዎታለሁ።

—

ኮሌታ_ሰፊዋ፦

እትዬ ያቺን የሐይቅ ልጅ እንዳይስቁባት፤ እኔ እሷን ነበርኩ።

በ2010 ከገጠር ወጥቼ ከክልል ፓርኮች አንዱ ገባሁ። የቱ እንደሆነ ይቅር። የሸሚዝ ኮሌታ ነበር የምሰፋው፤ ኮሌታ ብቻ። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም። ሰሌዳ ላይ በሰዓት ስንት እንደሚጠበቅብን ይጻፋል፣ ሱፐርቫይዘሯ በየሰዓቱ መጥታ የሠራነውን ከሥሩ ትጽፋለች። ሲያንስ በቀይ ነው። እስካሁን ቀይ እስክርቢቶ ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

የመጀመሪያ ደሞዜ ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ምሳና ሰርቪስ ከነሱ ነው፤ ቤት ግን ከራስ። ከተማው ውስጥ እንደ እትዬ ያሉ አከራዮች ነበሩ (አይቀየሙኝ)። እኔ ስገባ 400 የነበረው ክፍል በዓመቱ 1,200 ሆነ። አራት ሆነን አንድ ክፍል ያዝን። ሁለታችን የቀን፣ ሁለታችን የማታ ሺፍት ስለሆንን ፍራሹ ሁለት ብቻ ነበር፤ ሲሞቅ ነው የሚደርሰን። ፓርኩን ያቀደው ሰው ስንት ማሽን እንደሚገባ ያውቃል። ሠራተኛዋ የት እንደምታድር ግን ማን እንዲያስብ እንደተተወ እስካሁን አልገባኝም።

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ ይቋቋማል ይላል ብለው ሲያወሩ እንሰማ ነበር። እኛ በነበርንበት ጊዜ ግን ወሬው ብቻ ነው የደረሰን። በ2014 ደግሞ አገራችን ከአጎዋ ወጣች ተባለ። አጎዋ ማለት ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ትዕዛዝ ቀነሰ፣ የኛ መስመር ታጠፈ፤ እኔም ስፖንጄን ጠቅልዬ ጓደኛዬ ወዳለችበት መጣሁ።

ጓደኛ ያለበት ማለት ፍራሽ ያለበት ማለት ነው እትዬ። የመጀመሪያውን ወር ያለ ኪራይ ያሳልፉበታል። ሥራ ያለበትን ማን ያጣዋል? የሚጠፋው የሚታደርበት ነው።

አሁን ዱከም ነኝ፤ ደሞዜ ከዚያ የተሻለ ነው፣ ኪራዬም ከዚያ የባሰ ነው። ክፍሉን ይሥሩ፤ ግን መጀመሪያ ውሃ። ከማታ ሺፍት ወጥቶ እግር የሚታጠቡበት ውሃ ማጣትን የማያውቅ ሰው ነው «ፈለሱ» እያለ የሚጽፍብን።

—

ዝም_አልልም፦

ሁሉም ፖለቲካ ነው። እትዬ ይሥሩ፤ ብር ተቀምጦ ይቀልጣል። የኪራይ አዋጁን ግን ያንብቡ፣ 1320/2016። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ እንደ ፈለጉ መጨመር የለም።

—

የአቃቂ_ገበሬ_ልጅ፦

ሁላችሁም ስለመጣው ሰው አወራችሁ። እዚሁ ስለነበረው ማን ያውራ?

አባቴ አቃቂና ገላን መካከል አንድ ሄክታር ተኩል ኮትቻ መሬት ነበረው። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስር። ምስራችን በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ ከደብረ ዘይት ነጋዴ ለዘር ይመጣበት ነበር። ለልማት ተፈለገ ተባለና ኮሚቴ መጣ። ያኔ የሚሠራው አዋጅ 455/1997 ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ ተይዞ በአሥር ይባዛል። አባቴ «ከአሥር ዓመት በኋላስ ምን እበላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ልጅ ነገር ነው፣ «አባባ ይነግዱበታል» አለው። ምን እንደሚነግድ አልነገረውም።

ዛፍም ተቆጠረ። ባሕር ዛፉ እያንዳንዱ ዋጋ ወጣለት። አውድማው ዳር ያለችው ግራር ግን «ያልተተከለች ናት፣ ራሷ የበቀለች ናት» ተብላ ሳትቆጠር ቀረች። አያቴም አባቴም በበጋ ነዶ ሲወቁ የሚያርፉት እሷ ሥር ነበር። አባቴ የገንዘቡን ነገር ረስቶታል፤ ስለ ግራሯ ግን ዛሬም ሰው ካገኘ ያወራል።

ገንዘቡ በሦስት ዓመት አለቀ። ግማሹ አሮጌ አይሱዙ ሆነ፣ አይሱዙው ደግሞ መለዋወጫ ሆነ። አሁን ሁለት ላም አለችን፤ በፋብሪካው አጥር ዳር ባለው ሣር ትግጣለች፤ ወተቱን ለሰርቪስ ቤት ሠራተኞች እንሸጣለን። ምናልባት የእትዬም ተከራዮች ይጠጡታል።

በ2011 አዲስ አዋጅ ወጣ፣ 1161። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተይዞ በ15 ይባዛል። ጥሩ ነው፤ ለኛ ግን አልደረሰም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን በጥር 2008 ተሰረዘ፤ በተቃውሞው ስንት ልጅ ከሞተ በኋላ። በ2015 ደግሞ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባልን። አባቴ ከቤቱ ሳይነቃነቅ አድራሻው ስንቴ እንደተቀየረ መቁጠር ትቷል።

ጋሼ ጡረተኛው፣ የእርስዎ ሰንጠረዥ ላይ «እዚሁ እያለ የተነሣ» የሚል ዓምድስ ነበር? እትዬ እርስዎንም ልጠይቅዎት፤ ግቢዎ ግቢ ከመሆኑ በፊት የማን እርሻ ነበር?

—

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ አልነበረም። «የካሳ ወጪ» የሚል ዓምድ ነበር፤ ከፕሮጀክቱ ወጪ ሥር፣ ከሲሚንቶው ቀጥሎ።

—

የገላኗ አከራይ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ የጋሼን ሁለቴ።

የአቃቂው ልጅ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የማን እንደነበር አውቃለሁ። ባለቤቴ በ1998 ከአንድ ገበሬ ነው የገዛው፤ በሦስት ሽማግሌ ፊት፣ በመንደር ውል። ካርታው የወጣው ከዓመታት ምልልስ በኋላ ነው። ሰውየው ምስርም ጓያም ያበቅሉበት ነበር። ስንገዛ ርካሽ መስሎን ደስ ብሎን ነበር፤ አሁን ሳስበው ለሳቸው ምን እንደመሰላቸው አልጠየቅናቸውም። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። የመጨረሻ ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ የሐይቋን ልጅ ከነፍራሿ ያመጣልኝም እሱ ነው። ከዚህ በላይ የምመልሰው የለኝም።

ኮሌታ ሰፊዋ፣ አልተቀየምኩም። እኔም 2012 ላይ በአንድ ጊዜ 300 ብር ጨምሬ ሁለት ልጆች ወጥተውብኛል፤ ደብተሩ ላይ አለ። አዋጁንም ልጄ አንብቦልኛል።

ከዕቁቡ ገንዘብ አንድ ክፍል ብቻ ልሠራ ነው። በሁለተኛው ክፍል ብሎኬት ፈንታ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶና ትንሽ ፓምፕ ጠይቄያለሁ። ውሃ በምትመጣበት ሁለት ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ያቆይልኛል፤ ከማታ ሺፍት የሚገባም እግሩን ይታጠባል። ክፍሉን የሚሠራው ግንበኛ የሆሳዕና ሰው ነው፤ የት ነው የምታድረው ስለው «ግንባታው ውስጥ» አለኝ፤ ክፍሉ ጣራ ሳይወጣለት ተከራየ ማለት ነው።

የሐይቋ ልጅ ደብተሩ ላይ 32ኛ ናት። ትናንት ማታ ልብስ ላሰጣ ስወጣ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ነይ ዝም ብለሽ፣ እትዬ ክፍል ልትጨምር ነው» ትላለች። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ግንበኛው መሆን አለበት። 33 ቁጥርን አስምሬ ባዶውን ትቼዋለሁ።